ክር አይደለም

እናቷ በሩን ከፍታ ገና ሰላም ሳትባል «ይቅርታ» አለች።

ቃሪያ የሒሳብ ደብተሯ ላይ እንዳቀረቀረች ጥርሷን ነከሰች። ይቅርታ ለምኑ? በሩ ላይ የቆሙት የሕንፃው አስተዳዳሪ ገና አፋቸውን እንኳ አልከፈቱም። የሱሪያቸው ጫፍ ውኃ ጠጥቶ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ተለጥፏል። በብብታቸው ያቺን የማትለያቸውን ሰማያዊ መዝገብ ይዘዋል። የተበላሸ ነገር ሁሉ የሚጻፈው እሷ ላይ ስለሆነ የሕንፃው ልጆች «እትዬ መዝገብ» ይሏቸዋል።

«እንደምን አደሩ?» አሉ እትዬ መዝገብ። «ልግባ ወይስ እዚሁ እንነጋገር?»

«ኧረ ይግቡ! ይቅርታ፣ ቤቱ ተዝረክርኳል።»

ቤቱ አልተዝረከረከም። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ የተቆረጡት ጨርቆች በየልካቸው ተደርድረዋል፤ ወለሉ ላይ አንዲት መርፌ ብትወድቅ ትታያለች።

«ጋሽ ሬዲዮ ቤት ውኃ ገብቷል» አሉ እትዬ መዝገብ ወንበር ሳይስቡ። ጋሽ ሬዲዮ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ አሮጌ ሬዲዮ እየጠገኑ የሚተዳደሩ ሽማግሌ ናቸው። «ከመታጠቢያ ቤታቸው ወለል ነው ገንፍሎ የወጣው። መስመሩ ታች ተደፍኗል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መስመር ያላችሁትን ሁሉ እየዞርኩ ነው። እዚህ አራተኛ ፎቅ ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ሰሞኑን የደፋችሁት ነገር አለ? ማንንም እየከሰስኩ አይደለም። ቧንቧ ሠራተኛው ምን እንደገጠመው ካላወቀ በምን እንደሚከፍተው አያውቅም።»

የእናቷ እጅ የሻርፗን ጫፍ ፈልጎ ያዘ። «እኔ... ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት አጥባለሁ። ከተሰፋ በኋላ እንዳይሰበሰብ።»

«የጨርቅ ክር ሲወርድ አይቻለሁ ያለኝ ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልነግርዎትም። እርስዎ የሚሉኝንም ለሌላ አልናገርም።»

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

«ደፍተዋል?»

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለች እናቷ ደግማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ክሩ ሾልኮ ወርዶ ይሆናላ። ይቅርታ ያድርጉልን። ሁለተኛ አይለምደንም።»

እርሳሱ ቃሪያ እጅ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሁለቱም ዞረው አዩዋት።

«እንግዲያው ነኝ ማለትና ነኝ ማለት ይለያያሉ» አሉ እትዬ መዝገብ። «ያስቡበት። ቧንቧ ሠራተኛው ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣል። እስከዚያ ውኃ አትልቀቁ።»

በሩ ሲዘጋ እናቷ ጥቂት ቆማ ቆየች። ከዚያ ተንበርክካ አልጋው ሥር ገባችና የታጠፉትን ካርቶኖች አንድ በአንድ ትጎትት ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አቧራ ላራግፍላቸው።»

ቃሪያ ካርቶኖቹን ታውቃቸዋለች። ቤት በቀየሩ ቁጥር ዕቃ የተጫነባቸው እነዚያው ናቸው፤ ጎናቸው ላይ «ድስት»፣ «መጽሐፍ»፣ «ክር» የሚል በእናቷ የእጅ ጽሑፍ ተጽፎባቸዋል። አቧራ ለማራገፍ የወጡበት ቀን ኖሮ አያውቅም።

ደሟ ፈላ። ቃሪያ የወጣላት ስም እንጂ የእናት የአባቷ አይደለም፤ ቶሎ ስለምትቆጣ ነው። ግን ሌላ ጊዜ ስትቆጣ በማን እንደተቆጣች ታውቃለች። አሁን ግን ንዴቱ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጠፋት። እናቷ ማጠቢያው ቀዳዳ ላይ ከአሮጌ መጋረጃ የቆረጠችውን መረብ ሳትዘረጋ አንዲት ጨርቅ እንኳ አጥባ አታውቅም። የተጠራቀመውን ክር ለቅማ፣ አድርቃ፣ ትራስ ትሞላበታለች። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው «እኔ ነኝ» ያለችው።

ደግሞም ቧንቧው ውስጥ የገባው ምን እንደሆነ ቃሪያ ታውቃለች።

ከትናንት ወዲያ ነው። ጓደኛዋ ሳቂታ ለሳይንስ ትምህርት የመንጋጋ ጥርስ ቅርጽ በጄሶ ልትሠራ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፤ ቤት እንዳይቆሽሽ ብላ ባልዲዋን ይዛ አራተኛ ፎቅ ወጣችና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ አብረው ሠሩት። የመጀመሪያው ጥርስ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ድንች መሰለ፤ ሦስተኛው አማረ። ግማሽ ባልዲ ያህል የተበጠበጠ ጄሶ ተረፈ።

«ይድረቅና ቆሻሻ ላይ እንጥለዋለን» አለች ቃሪያ።

«ባክሽ! በውኃ የተበጠበጠ በውኃ ይሄዳል» ብላ ሳቂታ ባልዲውን ገለበጠችው። ቃሪያም ሳቀች። ሳቀችና ባልዲውንና ጥርሱን የቀረጹባቸውን ሳህኖች እዚያው አለቀለቀቻቸው። ነጩ ውኃ ቀዳዳው ላይ እየተሽከረከረ ሲወርድ ቆማ አይታለች።

ደብተሯን ዘግታ ወጣች።

ሳቂታን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ አገኘቻት፤ ግድግዳ ተደግፋ ስልኳን ትነካካለች። እንደ ስሟ ፊቷ ሁሌ ለሳቅ የተዘጋጀ ነው።

«ፍሬንዴ! ሰማሽ? ታች እኮ ባሕር ሆኗል። ጋሽ ሬዲዮ ሬዲዮናቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ተሸክመው...»

«ክር ሲወርድ አይቻለሁ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ መሄጃ አጥቶ ቀረ። «ማን ነገረሽ?»

«አንቺ ነሽ ወይ ነው ያልኩሽ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰሙናል።» ሳቂታ ወደ ቤታቸው በር ገልመጥ አለች። «ያንቺን እናት አላልኩም። ክር ነው ያልኩት።»

«በዚህ ሕንፃ ከእናቴ ሌላ ማን ነው ልብስ የሚሰፋው? አባትሽ ናቸው?»

«ኧረ አታካብጂ! እትዬ መዝገብን ታውቂያቸዋለሽ። አይቆጡ፣ አያስወጡ። ያሠሩታል፣ ያልቃል። ለናንተ ምንም አይደለም። ለኔ ግን... ፋዘሬን ታውቂዋለሽ አይደል? ለአንድ ብርጭቆ አንድ ወር ሙሉ አላናገረኝም። አንድ ወር! እንደ ዕቃ ነው ያለፈኝ። ይህን ቢሰማ ምን የሚያደርገኝ ይመስልሻል?»

«እናቴ ካርቶን እያወጣች ነው።»

«ምን ካርቶን?»

ቃሪያ ትኩር ብላ አየቻት። እያሾፈች አልነበረም፤ እውነትም አልገባትም። ሳቂታ እዚህ ሕንፃ ተወልዳ እዚህ አድጋለች። በሕይወቷ ዕቃ አስራ አታውቅም።

ካርቶን ምን እንደሆነ እንዴት ይነገራታል? ያለፈችው አከራያቸው በራሷ ቁልፍ ሳታንኳኳ ገብታ የድስታቸውን ክዳን ከፍታ ታይ ነበር። በየቀኑ የሚቀዱትን ባልዲ ትቆጥራለች። ቃሪያ ለፈተና ስታጠና መብራቱን ከውጭ ታጠፋባታለች። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለውን ቃሪያ ከመጽሐፍ አይደለም የተማረችው። እዚህ የገቡ ቀን እትዬ መዝገብ ከክፍል ክፍል አብረዋቸው ዞረው እያንዳንዱን ስንጥቅ ጻፉ። «ይህ ከእናንተ በፊት የነበረ ነው፤ ነገ ማንም አይጠይቃችሁም» አሏቸው። የሚንጠባጠበው ቧንቧ በዚያው ቀን ተሠራ። ሊመጡ ሲሉ ከአንድ ቀን በፊት ያስታውቃሉ፤ ሲመጡ አንኳኩተው ይጠብቃሉ። እናቷን «እርስዎ» ይሏታል። እናቷ ግን ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ቀን ይህ ሁሉ ደግነት ድንገት ተገልብጦ ይወድቅብኛል እንዳለች ናት። ዛሬ የወደቀባት መስሏታል። የጣለባት ደግሞ ማን ሆነና!

«ሄደሽ ንገሪያቸው» አለች ቃሪያ።

«አልችልም።»

«ያን ያህል ስትስቂ ትችያለሽ፣ ስትዋሺ ትችያለሽ...»

«ባልዲውን ማን አጠበው?» አለች ሳቂታ፤ አሁን ከፊቷ ላይ የሳቅ ምልክት ጠፍቷል። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ቆመሽ ስትስቂ አልነበር? ከተናገርሽ ሁለታችንም ነን። ዝም ካልሽም ሁለታችንም ነን።»

ቃሪያ እጇ ሲነሳ ታወቃት። በጥፊ ልትላት ነበር። እጇን መልሳ ኪሷ ውስጥ ከተተችው፤ የተመታችው ራሷ ይመስል ጉንጯ ጋለ። ምክንያቱም ሳቂታ ያለችው ሁሉ ውሸት ቢሆን እንኳ፣ ይቺኛዋ እውነት ነበረች።

ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ቃሪያ እናቷን ፈልጋ ወደ ምድር ቤት ወረደች። የጋሽ ሬዲዮ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውኃው ከክፍሉ አልፎ ኮሪደሩ ላይ ፈሷል። ሬዲዮኖቹ ጠረጴዛ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ መስኮት ላይ ሆዳቸውን ከፍተው ተደርድረዋል። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ጉልበታቸው ድረስ ጠቅልለው መሐል ቆመው ይጮሃሉ።

«አርባ ዓመት! አርባ ዓመት ሬዲዮ ሳክም እንዲህ ያለ ሽታ ያለው ውኃ አይቼ አላውቅም! የደፋው ሰው መጥቶ ያሽትተው! አፍንጫ የለውም? ውጣ በሉት!»

እትዬ መዝገብ መዝገባቸውን ከፍተው «ይገኛል፣ ይስተካከላል» ይሏቸዋል።

«ሬዲዮው የሰው አደራ ነው እመቤት! አደራ አይስተካከልም!»

እናቷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ውኃውን በጨርቅ እየመጠጠች ባልዲ ውስጥ ትጨምቃለች። ማንም አላዘዛትም። ጓንት አላደረገችም። በዚያ ሽታ ባለው ውኃ ውስጥ መርፌ የሚይዘው ጣቷ ሁሉ ገርጥቶ ተጨማዷል። ቃሪያ ያንን እጅ ስታይ ተነሺ ብላ መጮህ አማራት። ይህ ሁሉ ሰው ባለበት ጎትታ ልታስነሳት ፈለገች።

ቧንቧ ሠራተኛው ወፍራም ጓንት አጥልቆ አንዲት ጥቁር ጄሪካን አነሳ። «ምንድን ነው የገባው? ክር ነው የተባለው?»

«እስካሁን የሰማሁት እሱን ነው» አሉ እትዬ መዝገብ፤ «ግን አላረጋገጥኩም።»

«ክር ወይም ፀጉር ከሆነ ይህች ፈሳሽ ትጨርሰዋለች። ሌላ ነገር ከሆነ ግን አትነካውም። እዚያው ተኝታ ትጠብቅና ከላይ አንዱ ረስቶ ውኃ ሲለቅ አብራ ገንፍላ ትወጣለች። ያገኘችውን ቆዳ ትልጣለች።» ጓንት ያላጠለቀውን የእናቷን እጅ አየ። «እመቤት፣ እርስዎ ይነሱ ከዚያ።»

«ስለዚህ ነው የምጠይቀው» አሉ እትዬ መዝገብ። ቀና ብለው ኮሪደሩ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አዩ። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል፤ ሳቂታ ከአባቷ ኋላ ናት። «አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅ። የሚያውቅ አለ?»

 ዝም አይነቅዝም ይባላል። ቃሪያ ሳቂታን አየቻት፤ ሳቂታ የጫማዋን ጫፍ አየች።

እናቷ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች። «ክር ነው» አለች። «እኔ...»

«ክር አይደለም!»

ድምጿ ኮሪደሩ ውስጥ ሲያስተጋባ ቃሪያ ራሷ ደነገጠች። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም።

«ክር አይደለም። ጄሶ ነው። ከትናንት ወዲያ ማጠቢያው ላይ ተደፋ። ባልዲውንና ሳህኖቹን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እናቴ መረብ ሳትዘረጋ ጨርቅ አታጥብም። አንዲት ክር አላወረደችም። ዝም ብላ ነው እኔ ነኝ የምትለው!»

የመጨረሻዋን ቃል ስትል ድምጿ ተሰበረ። ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ጄሶ!» ቧንቧ ሠራተኛው ጄሪካኗን እንደ እንቁላል በቀስታ አስቀመጣት። «ጄሶማ ድንጋይ ሆኗል። የቧንቧውን መታጠፊያ ቆርጬ ነው የማወጣው። እንኳን ተናገርሽ።»

«ብቻሽን ነበርሽ?» አሉ እትዬ መዝገብ።

 የሳቂታ አባት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ቃሪያ ወደ ደረጃው አልዞረችም።

«የራሴን ነው የተናገርኩት።»

እትዬ መዝገብ ለአፍታ ካዩዋት በኋላ «እሺ» አሉ። ጻፉ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

የጠየቁት ጋሽ ሬዲዮ ናቸው። «ጄሶ? ስብራት ልትጠግኚ ነው በቤቴ ላይ? አንቺ ልጅ፣ እኔን ምን አደረግኩሽ? ሰላም ስትይኝ እግዜር ይስጥሽ ስል አይደል የኖርኩት? ሂጂ ከፊቴ! ሂጂ!»

ሄደች። አራት ፎቅ ወጣች። እናቷ ከኋላዋ እርጥብ እግሯን እየጎተተች ወጣች። 

በሩ ሲዘጋ እናቷ ሻርፗን ከራሷ ላይ ገፍፋ አልጋው ላይ ወረወረችው።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ጠዋት ነው የገባኝ።»

«ጠዋት! እኔ ነኝ ስል እዚህ ተቀምጠሽ ነበር! ሰማሽኝ አይደል? ሰምተሽ እርሳስ ሰበርሽ! ምላስሽ ምን ነካው? ቃሪያ ነኝ ትያለሽ፤ ጎረቤት ላይ፣ ጓደኛ ላይ፣ እኔ ላይ ታቃጥያለሽ፤ እናትሽ ላልሠራችው ስትንበረከክ ግን ውኃ ሆንሽ!»

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ድምጿ ግቢውን አቋርጦ ይሄዳል። ቃሪያ እናቷን እንዲህ ስትጮህ አይታ አታውቅም። እሷም ጮኸች።

«አንቺስ? ማን አስገደደሽ? ለምንድን ነው ያላደረግሽውን አድርጌአለሁ የምትይው? ሁሌ ይቅርታ! በሩ ሳይንኳኳ ይቅርታ! እኔ እኮ ነው የማፍረው!»

«አፈርሽብኝ?» እናቷ ወንበሩን ስባ ዘፍ አለች።  «አምስት ዓመትሽ ነበር። ያኔ የተከራየንበት ቤት የውኃ ማሞቂያው ተቃጠለ። እኔ አላቃጠልኩትም። ባለቤትየዋ መጥታ አንቺ ነሽ አለችኝ። አይደለሁም አልኩ። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ልክ እንዳንቺ፣ አይደለሁም አልኩ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ፍራሻችን ደጅ ወጥቷል። ዝናብ ነበር። አንቺ ፍራሹ ላይ ተቀምጠሻል፤ ጎረቤታችን ከላይሽ ላስቲክ ይዛልሻለች።»

ቃሪያ ያንን ላስቲክ ታስታውሰዋለች። ዝናቡ ላዩ ላይ ጠብ ጠብ ሲል ትስቅ ነበር። እስከዛሬ ድንኳን የተጫወቱበት ቀን ነበር የሚመስላት።

«ከዚያ ወዲህ» አለች እናቷ፣ «አይደለሁም የምትለዋ ቃል እዚህ ተሰንቅራ ትቀርብኛለች።» ጉሮሮዋን ነካች። «እኔ አይደለሁም ማለት አቃተኝ፤ አንቺ ደግሞ ነኝ ማለት አቃተሽ። እናትና ልጅ ተገናኘን!»

ሊያስቅ ይችል ነበር። ማናቸውም አልሳቁም። ቃሪያ አሁንም ተናድዳለች፤ ግን ንዴቱ እናቷን አልፎ ወደማታውቃት ሴትዮ፣ ወደዚያ ደጅ ሄዶ ነበር።

እናቷ ድንገት ተነሳች። ሻርፗን አንስታ አሰረች። «ነይ። ያልኩትን እሰርዛለሁ።»

የእትዬ መዝገብ ቢሮ መግቢያው አጠገብ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ቁልፎች በየቁጥራቸው ተሰቅለዋል፤ ሠራተኛው ቧንቧ ሲቆርጥ ድምፁ ከኮሪደሩ ይሰማል። እናቷ ይቀመጡ እስክትባል አልጠበቀችም።

«ጠዋት እኔ ነኝ ያልኩት ልክ አይደለም። ከመዝገቡ ይሰረዝልኝ።»

እትዬ መዝገብ መዝገቡን ገልጠው ወደ እሷ አዞሩላት። «አልጻፍኩትም። ከእርስዎ ቤት ከወጣሁ በኋላ ማጠቢያውን አየሁት። ክር የሚያስቀረው መረብ እዚያው ነበር፤ ክር እንዳልሆነ ያኔ ጠረጠርኩ።»

ቃሪያ አሁን እናቷ ደስ ይላታል፣ ታመሰግናለች፣ ምናልባትም ይቅርታ ትላለች ብላ ጠበቀች።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አለች እናቷ።

«ምን አሉኝ?»

«ከጠረጠሩ ለምን መጥተው አልነገሩኝም? እኔ ከጠዋት ጀምሮ ካርቶን ሳወጣ፣ ዕቃ ስቆጥር፣ ልጄን ከትምህርት ቤቷ የት እወስዳታለሁ ስል ነው የዋልኩት። ለእርስዎ አንድ ደረጃ መውጣት ነበር። ለኔ ግን...» መዝገቡን መልሳ ወደ እሳቸው ገፋችው። «ለኔ ቤቴ ነው።»

ቃሪያ አሁን ያበቃልናል ብላ አሰበች። እትዬ መዝገብ መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡ ላይ አስቀመጡ። 

«ልክ ነዎት» አሉ። «ጋሽ ሬዲዮን ሳረጋጋ፣ ሠራተኛ ስፈልግ ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። ግን ወዲያው መጥቼ መናገር ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እናቷ ስንት አከራይ አይታለች! ከአንዳቸውም አፍ «ጥፋቱ የኔ ነው» የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። ወንበሩን ስባ ተቀመጠች፤ ተቀመጠችና ቁልፎቹን አየች።

«አንቺ ደግሞ» አሉ እትዬ መዝገብ ወደ ቃሪያ ዞረው፣ «ቧንቧውን ማሠራት የሕንፃው ሥራ ነው። የጋሽ ሬዲዮ ሬዲዮኖች ግን ያንቺ ነገር ናቸው። ነገ ጠዋት ሄደሽ ታንኳኪያለሽ። ካላስገቡሽ ከነገ ወዲያም ታንኳኪያለሽ። እሳቸው በቃኝ እስኪሉ ድረስ ነው።»

«ቢጮሁብኝስ?»

«ይጮሃሉ» አሉ እትዬ መዝገብ፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቷ የስፌት መኪናዋን ስታሽከረክር ቃሪያ ንጹሕ ጨርቅና ብሩሽ በላስቲክ ይዛ ወጣች። እናቷ ቁጣዋ ገና አልበረደም፤ ቁርስ ሲበሉም አላናገረቻትም። ጨርቁን የመረጠችላት ግን እሷ ናት፤ ክር የማይለቀውን።

ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሳቂታ ስትጠብቃት አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል።

«ስሜን አልጠራሽም» አለች።

«አልጠራሁም።»

«ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አሁን ይነግሩታል፣ አሁን ይነግሩታል እያልኩ...» ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። «አንቺን የመሰለ ጓደኛ የለም። አለቀ አይደል? ነገ ትምህርት ቤት አብረን እንሄዳለን አይደል?»

ቃሪያ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወጣች። ትናንት በጥፊ ልትመታት ያነሳችው እጅ አሁን ላስቲኩን ጨብጦ ይዟል። ጓደኛዋን ትወዳታለች። ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው፤ ብትጠላት ኖሮ ይቀልላት ነበር።

«ስምሽን ያልጠራሁት ላንቺ ብዬ አይደለም። የራሴን ለመናገር ስለሄድኩ ነው» አለች። «ያንቺን ያንቺ አፍ ይናገረው። እናቴ ትናንት ማታ ከማን ጋር እንደነበርኩ ጠይቃኛለች፤ እስካሁን አልመለስኩላትም። ዛሬ ማታ ደግማ ብትጠይቀኝ ግን አልዋሻትም።»

«ፋዘሬስ?»

«ከፈለግሽ አብሬሽ እቆማለሁ። ሲቆጡ አጠገብሽ እሆናለሁ። ውሸቱን ግን አልይዝልሽም።»

ሳቂታ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«የት ነው የምትሄጂው አሁን?»

«ጋሽ ሬዲዮ ጋ። ሊጮሁብኝ።»

ቃሪያ አልፋት መውረድ ጀመረች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ከበላይዋ የእግር ኮቴ ሰማች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ እንደገና ጀመረ። እየወረደ ይሁን እየወጣ መለየት አልቻለችም። ዞራ ማየት አማራት። አልዞረችም። ኮሪደሩ ላይ አዲሱ ቧንቧ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ጋሽ ሬዲዮ በር ላይ ስትደርስ ልብሷን አስተካከለች፤ ከውስጥ የሳል ድምፅ ይሰማል።

አንኳኳችና ጠበቀች።